ባለ አግዳሚ ጠምዛዛ ጋላክሲ

ነቀምቴ ሜዳ ላይ ኳስ ሲያይ ያደገ ልጅ አግዳሚ ምን እንደሆነ አይጠይቅም። ሁለቱ ቋሚዎች ላይ የተጋደመው፣ የስንቱን ጎል የመለሰው ነው። ይህ ቃል ለሰማይም ይሆናል።

ጋላክሲ፣ አንዳንዶች ረጨት የሚሉት፣ በስበት ተያይዞ የሚኖር የከዋክብት፣ የጋዝና የአቧራ ማኅበር ነው። ጠምዛዛ የሚባለው ክንዶቹ በመሀሉ ዙሪያ ሲጠመዘዙ ነው። ከእነዚህ መካከል በብዙዎቹ ክንዶቹ ከእምብርቱ አይነሱም፤ በእምብርቱ ላይ ከተጋደመ ቀጥ ያለ የከዋክብት ግንድ ከሁለቱ ጫፎች ይነሳሉ። ያ ግንድ አግዳሚው ነው።

«ባለ ዘንግ» ማለት የሚቀናቸው ይኖራሉ። ነገር ግን ዘንግ በትምህርት ቤት መሬት የምትዞርበት መስመር ስም ነው፤ አንባቢው ጋላክሲው በዚያ ዙሪያ የሚሽከረከር ይመስለዋል። አግዳሚው ግን በጋላክሲው ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ተኝቶ ራሱም አብሮ ይዞራል። «መቀርቀሪያ»ም አይሆንም። መቀርቀሪያ ይዘጋል፤ ይህኛው መንገድ ይከፍታል፤ ጋዙን ከክንዶቹ ወደ እምብርቱ ያወርዳል፤ እዚያም አዳዲስ ከዋክብት ይወለዳሉ።

ለምሳሌ ኤንጂሲ 1300 የተባለውን ጋላክሲ እንይ። ከእኛ 60 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፣ በኤሪዳኑስ ኅብረ ከዋክብት አቅጣጫ። ሀብል ቴሌስኮፕ ባነሳው ፎቶ አግዳሚው ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል፣ ጥቁር የአቧራ መስመሮች በላዩ ወደ መሀል ይወርዳሉ፤ እምብርቱ ውስጥ ደግሞ ወርዱ 3,300 የብርሃን ዓመት ያህል የሆነ ሌላ ትንሽ ጥምዝ አለ።

እጅግ ሩቅ ከሆኑት ምሳሌዎች አንዱ ሲርስ-2112 የተባለው ጋላክሲ ነው። ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ያየው ብርሃን የተነሳው ዓለመ ሰማይ ገና 2.1 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ግኝቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ሲታተም ብዙዎችን አስገረመ፤ አግዳሚ እንዲህ በማለዳ ይበጃል ተብሎ አይጠበቅም ነበርና።

ለሩቅ ነገር የቅርብ ቃል መፈለግ ለወለጋ አዲስ ሥራ አይደለም። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ በ1899 እ.ኤ.አ. አሳትሟል፤ ኋላም ነቀምቴ መጥቶ አስተምሯል። ኮከብን «ኡርጂ» የሚል ተማሪም ለአግዳሚው በአፉ የሚመች ቃል ሊያወጣ ይችላል፤ ቢያወጣም ደግ ነው።

የእኛው ፍኖተ ሐሊብም አግዳሚ አለው። ስፒትዘር ቴሌስኮፕ በ2005 እ.ኤ.አ. ርዝመቱን 27,000 የብርሃን ዓመት ያህል አድርጎ ለክቶታል። በውስጡ ስለምንኖር ቅርጹን በዓይን አናይም፤ አቅጣጫውን ግን እናያለን። በመጋቢት፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ከከተማው መብራት ወጣ ብላችሁ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተመልከቱ፤ ነጩ ጎዳና የሚሰፋበት ቦታ የጋላክሲያችን እምብርት ያለበት ነው።