ኦሮማይ
በዓሉ ግርማ፤ ልቦለድ፣ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት፣ 1975 ዓ.ም.

ይህ መጽሐፍ ገበያ ላይ ብዙ አልቆየም። ወጥቶ ብዙም ሳይሰነብት ከየመደብሩ ተለቅሞ ተሰበሰበ። ያመለጡት ቅጂዎች ግን በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ እየተዘዋወሩ ተነበቡ።

ታሪኩ የሚያጠነጥነው በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ በተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ላይ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም ለፕሮፓጋንዳ ሥራ ወደ አስመራ ይላካል፤ እዚያም ፊያሜታ ጊላይን ያፈቅራል። ደራሲው የጻፈው የሚያውቀውን ነው። እሱ ራሱ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሆኖ በዘመቻው ላይ ነበር። አንባቢዎች በልቦለዱ ባለሥልጣናት ውስጥ የዘመኑን ሹማምንት ለማወቅ አልተቸገሩም፤ ሹማምንቱም ራሳቸውን አላጡትም። «ኦሮማይ» ከጣሊያንኛ ወደ አስመራ አነጋገር የገባ ቃል ሲሆን «አበቃ፣ አከተመ» እንደ ማለት ነው።

በዓሉ የተወለደው በኢሉባቦር፣ ሱጴ ነው። አባቱ ሕንዳዊ ነጋዴ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ናቸው። አዲስ ዘመንን ጨምሮ በርካታ ጋዜጦችንና መጽሔቶችን በአዘጋጅነት መርቷል። «ከአድማስ ባሻገር» እና «ደራሲው» የእሱ ሥራዎች ናቸው። ከሁሉም ደፋሩ ግን ይኸው ነው፤ መንግሥትን ከውስጥ ሆኖ ያየ ሰው ያየውን አልደበቀም።

ከኦሮማይ በኋላ ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ማታ ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች።