ድንጋይም ይጎብጣል

ድንጋይ ይሰበራል እንጂ አይጎብጥም ሲባል ሰምተን አድገናል። ይህን አስተሳሰብ ያናጋው የአንድ ከተማ መፍረስ ነው።

እ.ኤ.አ. አፕሪል 18 ቀን 1906 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ በካሊፎርኒያ የምትገኘው ሳን ፍራንሲስኮ ተናወጠች። ቀጥሎ የተነሣው እሳት ለቀናት ነደደ። 3,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ 400,000 ከሚሆነው ነዋሪ ከግማሽ የሚበልጠው ቤት አልባ ሆነ። በየመናፈሻው ድንኳን ተተከለ፤ ኋላም 5,610 ትንንሽ የእንጨት ቤቶች ተሠሩላቸው። የድንኳን ኑሮ ምን እንደሚመስል ለእናንተ ማስረዳት አያሻም።

ሊቃውንቱ ግን ወደ ገጠሩ ወጡ። ሳን አንድሪያስ በሚባለው የምድር ስንጥቅ ላይ መሬቱ 470 ኪሎ ሜትር ያህል ተቀዷል። ስንጥቁን ያቋርጥ የነበረው ቀጥ ያለ አጥር ተቆርጦ ግማሹ ወደ ጎን ሄዷል፤ በአንድ መንገድ ላይ ልዩነቱ 6 ሜትር ያህል ደርሷል።

ሃሪ ፊልዲንግ ሪድ የተባለው ሊቅ ቀደም ባሉት 50 ዓመታት የተደረገውን የመሬት ቅየሳ ከአዲሱ ጋር አመዛዘነ። ከስንጥቁ ወዲያና ወዲህ ርቀው የሚገኙት ቦታዎች አስቀድሞም በተቃራኒ አቅጣጫ በዝግታ ሲጓዙ ኖረዋል፤ በስንጥቁ ዳር ያለው ዐለት ግን በፍትጊያ ተያይዞ አልንቀሳቀስ ብሏል። ስለዚህ እንደ ደጋን ጎበጠ። ጫናው ከፍትጊያው አቅም ሲያልፍ ተላቀቀና በቅጽበት ቀና አለ። ሪድ ይህን በ1910 ጽፎ አወጣ። በ1966 ደግሞ ብሬስና ባየርሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ግራኒት በከባድ ኃይል እየተጫኑ፣ የተሰነጠቀ ድንጋይ ተያይዞ ቆይቶ በድንገት እንደሚንሸራተት በቤተ ሙከራ አሳዩ።

በእኛ ስምጥ ሸለቆ ምድሪቱ የምትሳበው ለሁለት ለመለያየት ነው፤ የመጠራቀሙና የመለቀቁ ነገር ግን ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ካራ ቆሬ አካባቢ በደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች።

እንዲህ ያለ መዓት በወረደ ቁጥር «የኃጢአታችን ዋጋ ነው» የሚል አይጠፋም። የሞቱት ግን ከተረፉት ይልቅ በደለኞች አልነበሩም። ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ የሚናገር ዕውቀት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ የት እንደሚያሰጋና ምን ዓይነት ቤት እንደሚጸና ግን ይታወቃል። እኛም አንድ ቀን ቤት እንሠራለን። ያን ጊዜ መሠረት ከመጣላችን በፊት ስለ ምድሩ እንጠይቅ።