ጉልቻ ሲለዋወጥ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ አበው። ይቺን ተረት የምንተርታት አብዛኛውን ጊዜ ሹመኛ ሲቀያየር ነውና ስለ ጉልቻው ራሱ ቆም ብሎ ያሰበ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም አላሰብኩም ነበር። እንግሊዝ አገር ገጠር ውስጥ አሮጌ ቤት የገዛ አንድ ጓደኛዬ ደውሎ «ኩሽናው ውስጥ ያለውን የብረት ምድጃ ለማብሰያ ብቻ ላደርገው ነው። የውሃ ቧንቧውን ቆርጬ ጫፉን እደፍነዋለሁ» እስኪለኝ ድረስ።

በሳምንቱ እንደገና ደወለ። ድምፁ ተቀይሯል። ምድጃውን ሊያይለት የመጣው ባለሙያ «ቧንቧውን ደፍነህ እሳት ካነደድክ ቤትህ ውስጥ ቦምብ ሠራህ ማለት ነው» ብሎታል።

ምድጃ እንዴት ቦምብ ይሆናል? መልሱን ለማግኘት ሁለት መቶ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ሊኖርብን ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

እንግሊዞች እስከ 18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ በአብዛኛው የሚያበስሉት በተገለጠ እሳት ነበር። ሙቀቱ በጭስ ማውጫው ወደ ሰማይ ይሄዳል፣ ወጥ ሠሪዋ ፊቷ ይለበለባል፣ ከሰሉ ያልቃል። በዚህ ብክነት ክፉኛ ከተበሳጩት አንዱ ቤንጃሚን ቶምሰን የሚባል ሳይንቲስት ነው። 1753 አሜሪካ ማሳቹሴትስ ተወለደ፤ በአብዮቱ ጊዜ ከእንግሊዝ ንጉሥ ጎን ቆመ፤ ኋላ ባቫርያ ገብቶ አገለገለና ካውንት ራምፎርድ ተባለ። ሙኒክ ውስጥ ድሆችን የሚያሠራና የሚመግብ ቤት ሲያቋቁም ለብዙ አፍ በጥቂት ማገዶ ማብሰል ግድ ሆነበት። ስለዚህ እሳቱን በጡብ አጠረው፤ ድስቶቹንም በየራሳቸው ቀዳዳ አስቀመጣቸው። 1802 ላይ ደግሞ ጆርጅ ቦድሊ የሚባል የኤክሰተር ከተማ ብረት አቅላጭ እሳቱን ከላይ በብረት ክዳን የሸፈነ ምድጃ በስሙ አስመዘገበ። እሳት ታሠረ ማለት ነው።

እሳት ከታሠረ በኋላ ሥራ ይጨመርበት ጀመር። በ19ኛው መቶ ዘመን ከእሳቱ ጎን ወይም ጀርባ የውሃ ጋን ተገጠመ፤ ቦይለር መሆኑ ነው። ወጥ እየበሰለ ውሃ ይሞቃል። መቼስ ጥሩ ነገር ነው! ግን ለማን? ሌሊት ተነስታ አመድ የምታወጣው፣ ብረቱን በጥቁር ቀለም የምትወለውለው፣ እሳቱን እንደገና የምታያይዘው የቤት ሠራተኛ ናት። ሙቅ ውሃው ለጌቶች፣ ጥቀርሻው ለእሷ።

ታሪኩን የቀየረው ዓይነ ስውር ሰው ነው። ስዊድናዊው ጉስታፍ ዳሌን ለባሕር መብራቶች የሚያገለግል ራሱን በራሱ የሚቆጣጠር የጋዝ መሣሪያ የሠራ መሐንዲስ ነበር። 1912 ላይ በሙከራ መሃል ፍንዳታ ደርሶበት ዓይኑን አጣ፤ በዚያው ዓመት የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ። ቤት ሲውል ሚስቱ ከምድጃው ጋር ስትታገል ማስተዋሉ ነው ይባላል፤ 1922 ላይ አጋ የተባለውን ማብሰያ ይዞ ብቅ አለ። ስሙ የኩባንያው ምህጻረ ቃል ነው። ወፍራም ብረቱ ሙቀት ያጠራቅማል፣ ዙሪያው ሙቀት እንዳያመልጥ ተሸፍኗል፤ በጥቂት ከሰል ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ይቆያል። ሌሊት መነሳት ቀረ!

1946 ላይ ደግሞ ሬይበርን የሚባለው ርካሽ ዘመዱ ብሪታንያ ውስጥ ተወለደ። ጦርነቱ ገና ማለቁ ነው፤ ነዳጅ በራሽን ነው። ባንድ እሳት ማብሰልም ውሃ ማሞቅም ለተራው ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነበር። ኋላ የመጡት ሞዴሎች በየክፍሉ ያለውን ራዲያተር ጭምር ያሞቁ ገቡ። አንድ ምድጃ፣ ሦስት ሥራ።

ከዚያ ዘመን ተገለበጠ። በታኅሣሥ 1952 ለንደን ላይ ለአምስት ቀን የተኛው የከሰል ጭስ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ፤ በጊዜው 4,000 ተባለ፣ የኋላ ጥናት እስከ 12,000 ያደርሰዋል። 1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። ከ1967 እስከ 1977 አገሩ በሙሉ ወደ ሰሜን ባሕር ጋዝ ዞረ። 2023 ላይ እንግሊዝ ውስጥ ለቤት ማገዶነት ተራውን የድንጋይ ከሰል መሸጥ ጨርሶ ተከለከለ። ቤቱን ጋዝ ወይም ዘይት ሲያሞቀው አሮጌው ምድጃ ሁለት ሥራውን ተቀማ። የቀረው ማብሰል ብቻ ነው።

የጓደኛዬ ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሥራ የፈታው ቦይለር እዚያው እሳቱ ጎን ተቀምጧል። ውሃ ካለበት ከእሳቱ ሙቀት ይሰርቃል፤ ኦቭኑ አልግል ይላል። ስለዚህ ሰው ቧንቧውን ይቆርጥና ይደፍነዋል። ውስጡ የቀረ ውሃ ግን አለ። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲቀየር 1,600 እጥፍ ያህል ቦታ ይፈልጋል። መውጫ ካጣ ብረቱን ይሰነጥቀዋል፤ ብረቱ ሲፈነዳ ደግሞ ምድጃው ፊት የቆመውን አይምርም። ብሪታንያ ውስጥ በዚሁ መንገድ የሰው ሕይወት ጠፍቷል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትክክለኛው መንገድ ቦይለሩን ጨርሶ ማውጣት ነው። ይህም ቢሆን በቂ አይደለም። የወጣበት ቦታ ክፍት ከቀረ እሳቱ ሰፊ ሜዳ ያገኛል፤ ብዙ ማገዶ ይበላል፤ ሙቀቱን የሚቀበለው ውሃ ስለሌለ ምድጃውን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ባዶውን እሳት በሚችል ጡብ መሙላት ያስፈልጋል፤ የጭስ ማውጫውንም ማስመርመር። ከእሳት ላይ አንድ ሥራ ስትቀንስ የቀረውን ሁሉ እንደገና ማስላት አለብህ ማለት ነው።

ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእኛም ጉልቻ ሦስት ሥራ ነበረው፤ ያበስላል፣ ደጋ ላይ ያሞቃል፣ ማታ ያበራል። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን አጥሮ ማገዶውን በግማሽ ገደማ ሲቀንስ ለእናቶች ዓይንም ለደኑም እፎይታ ነው። ነገር ግን የታጠረ እሳት አያበራም፣ እንደ ድሮው ሰው ከቦት አይሞቀውም። ብርሃኑና ሙቀቱ ከሌላ ቦታ መምጣት አለባቸው። እኛ የከተሜዎቹም በኤሌክትሪክ ምጣድ ጋግረን፣ ሲበርደን የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት አስገብተን በር የምንዘጋ አለን። የዚያን ሌሊት ከሰሉ የሚያወጣው ሽታ የሌለው መርዝ ነው። በየክረምቱ የምንሰማው ሞት ይሄው ነው።

ጓደኛዬ ቦይለሩን አስወጥቶ ጡቡን አስገጥሟል። ባለፈው እሑድ ሽሮ ሠራበት፤ «እንዲህ ተንተክትኮ አያውቅም» ይላል። አበው ይቅር ይበሉኝና፣ ጉልቻ ሲለዋወጥ ወጡም ይለወጣል። ብቻ ለዋጩ የድሮው ጉልቻ ስንት ሥራ እንደነበረው መቁጠር አለበት።