የኑክሌር ቦምቡን ማን ተሸከመው?

 

ደሴና ኮምቦልቻ መንገድ ያሳደጋቸው ከተሞች ናቸው። ከአሰብ ወደብ የተነሣ ጭነት በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ ከዚያም የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲገባ ያላየ ሽማግሌ በመካከላችን የሚገኝ አይመስለንም። ስለዚህም አንድ ኩንታል ካለበት ቦታ ይነሣ ዘንድ ሹፌርና ረዳት፣ ጫኝና አውራጅ፣ ጎሚስታና መካኒክ፣ ለእነርሱም ምግብ የሚያቀርብ ሰው እንደሚያስፈልግ ለደሴ ሰው ማስረዳት አያሻንም። ስለ ኑክሌር ቦምብ ሲወራ ግን የምንሰማው ስለ ሳይንቲስቱና ስለ መሪው ብቻ ነው። በዛሬው ዝግጅታችን የምናወጋችሁ ስለ ጫኝና አውራጁ ይሆናል።

ሂሮሺማና ናጋሳኪ በተመቱ በዓመቱ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1946፣ አሜሪካ ቦምቧን በመርከቦች ላይ ለመሞከር ፈለገች። ለዚህም በፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ከማርሻል ደሴቶች አንዷ የሆነችውን ቢኪኒን መረጠች። በመጀመሪያ 167ቱን ነዋሪዎች አንሥታ ሮንጌሪክ ወደምትባል ሌላ ደሴት አዛወረቻቸው። በዚያም የሚበላ ነገር አጥተው በረሃብ ተቆራመዱ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም እንደገና ተነሡ። በምትካቸው ወደ ቢኪኒ የመጣው ሰው ግን 42,000 ያህል ነበር፤ የመርከቡም ብዛት ዒላማ የሆኑትን ጨምሮ ከ240 በላይ ነበር። ይህ ሁሉ ሠራዊት የተሰለፈው ለሁለት ፍንዳታዎች መሆኑን ልብ ይሏል።

ከሠራዊቱ ውስጥ የአቶምን ነገር የሚያውቁት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። የቀሩት ምግብ አብሳዮች፣ ነዳጅ ቀጂዎች፣ ጠላቂ ዋናተኞች፣ ልብስ አጣቢዎችና ተራ መርከበኞች ናቸው። ሐምሌ 25 ቀን 1946 (እ.ኤ.አ.) ሁለተኛው ቦምብ ከውኃ ውስጥ ሲፈነዳ የተመረዘው ውኃ በዒላማዎቹ መርከቦች ላይ ዘነበ። ከዚያም መርከበኞቹ ብሩሽና ሣሙና እየያዙ መርከቦቹን እንዲፈትጉ ታዘዙ! ጨረር ግን እንደ ጭቃ ታጥቦ የሚለቅ ነገር አይደለም። ሥራው እንዲቆም የተወሰነው ሰዎቹ ለሳምንታት ሲፈትጉ ከሰነበቱ በኋላ ነው።

በዚያው በቢኪኒ መጋቢት 1 ቀን 1954 (እ.ኤ.አ.) የተሞከረው የሃይድሮጂን ቦምብ ከተገመተው በላይ ኃይለኛ ሆኖ አመዱ በሩቅ ደሴቶች ላይ ወረደ። ሮንጌሪክ ላይ የአየር ጠባይ ይከታተሉ የነበሩ 28 አሜሪካውያን በማግስቱ በአውሮፕላን ተነሡ። ለቢኪኒ ይበልጥ ቅርብ የነበሩት የሮንጌላፕ ነዋሪዎች ግን የተነሡት በሁለተኛው ቀን ነው። ማን ቀድሞ መነሣት እንደነበረበት ፍርዱን ለአድማጭ እንተዋለን።

እንግሊዝም የራሷን የሃይድሮጂን ቦምብ ስትሻ ከሃዋይ በስተደቡብ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው የገና ደሴት ሄደች። ስሟን የሰጣት ካፒቴን ኩክ እ.ኤ.አ. በ1777 በገና ዋዜማ ደርሶባት ነው። በደሴቲቱ የኮኮናት እርሻ እንጂ ለዚህ ሥራ የሚበቃ የአውሮፕላን ማረፊያም፣ መንገድም፣ ማደሪያም አልነበረም። በመሆኑም ከቦምቡ በፊት የመጡት የመሐንዲስ ክፍል ወታደሮች ነበሩ። ማረፊያውን አነጠፉ፤ ጥርጊያ አወጡ፤ ድንኳን ተከሉ። ዝንቡ ከመብዛቱ የተነሣ ትንሽ አውሮፕላን በሰፈሩ ላይ እያንዣበበች መድኃኒት ትረጭ ነበር። ከወታደሮቹ ብዙዎቹ በግዴታ የተመለመሉ የ18 እና የ19 ዓመት ልጆች ናቸው። ያን ጊዜ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ከነበረችው ከፊጂም 300 ያህል ሰዎች መጥተው ነበር።

በ1957 እና በ1958 (እ.ኤ.አ.) በዚህችና በማልደን ደሴት ዘጠኝ ቦምቦች ፈነዱ። ወታደሮቹ በፍንዳታው ሰዓት የሚሰጣቸው ትእዛዝ ጀርባችሁን አዙራችሁ ተቀመጡ፣ ዓይናችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ የሚል ነበር። የእጃቸው አጥንት ከሥጋው አልፎ እንደታያቸው ኋላ የመሰከሩ አሉ። ብዙዎቹም የለበሱት የዘወትር ልብሳቸውን ነበር። በእርሻው የሚሠሩትን የጊልበርት ደሴቶች ተወላጆች ደግሞ ከነቤተሰባቸው መርከብ ላይ አውጥተው ከታችኛው ክፍል ያስቀምጧቸው ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ በሰው አገር፣ በውቅያኖስ ማዶ የሆነ ነው እንዳንል ፈረንሳይ ነገሩን ወደ አህጉራችን አመጣችው። ሰሐራን እንደ ደሴት ቆጥራ፣ በሙስሊሙ የአልጄሪያ ሕዝብ ምድር በረጋን አካባቢ የካቲት 13 ቀን 1960 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያ ቦምቧን አፈነዳች። በዚያም የአውሮፕላን ማረፊያና ሰፈር የተሠራው ከወታደሮቹ ጎን የየአካባቢው ድኾች በቀን ሥራ እየተቀጠሩ ነው። ሠራዊቱ ነቅሎ ሲሄድ ጥሎት የሄደውን ብረትና የመዳብ ሽቦ የአካባቢው ሰው እየለቀመ ወደ ቤቱ ወሰደው። እንዳይነካው የነገረው አልነበረም።

እዚህ ላይ የአገራችን ስም ይነሣል። ኅዳር 24 ቀን 1961 (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ ከሌሎች አገሮች ጋር ሆና ያቀረበችው የውሳኔ ሐሳብ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጸደቀ። በኑክሌር መሣሪያ መጠቀም በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ይላል፤ በቁጥር 1653 የተመዘገበው ይህ ውሳኔ። 55 አገሮች ደገፉት፤ 20 ተቃወሙት፤ 26 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ከተቃዋሚዎቹ መካከል አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ነበሩበት። ውሳኔው በመግቢያው ከሚጠቅሳቸው ሰነዶች አንዱ የመርዝ ጋዝን የከለከለው የ1925ቱ (እ.ኤ.አ.) የጄኔቭ ፕሮቶኮል ነው። ኢጣሊያ ይህንኑ ፕሮቶኮል ፈርማ ሳለች በአገራችን ላይ ጋዝ አዘነበች። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ከሰማይ በቦምብ ስትደበደብ ሆስፒታል እንኳ አልተማረም። እንዲህ ያለ ሐሳብ ለማቅረብ ከእኛ የተሻለ ምክንያት የነበረው አገር ብዙ አልነበረም ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ይሁን እንጂ ውሳኔው ከጸደቀ አምስት ወር ያህል ቆይቶ፣ በሚያዝያ 1962 (እ.ኤ.አ.) ላይ፣ አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር ተስማምታ ወደዚያችው የገና ደሴት ተመለሰችና እስከ ሐምሌ ድረስ 24 ሙከራዎች አደረገች። ፈረንሳይም ሰሐራን ለቃ ወደ ፖሊኔዥያ ሄደችና እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1996 በሞሩሮዋና በፋንጋታውፋ ደሴቶች 193 ጊዜ አፈነዳች። ለወደብና ለግንባታ ሥራው ጉልበት ያዋጡት አሁንም የደሴቶቹ ልጆች ናቸው።

ሒሳቡ የተጠየቀው ሰዎቹ ካረጁ በኋላ ነው። ፈረንሳይ የካሣ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። እንግሊዝ ለወታደሮቿ ሜዳሊያ የፈቀደችው በ2022 ነው። ፊጂ ግን ልጆቿን ወደ ደሴቲቱ የወሰደችውን አገር መጠበቁ ሰለቻትና በ2015 ከራሷ ካዝና ለእያንዳንዳቸው 9,855 የፊጂ ዶላር ከፈለች። በዚያን ቀን ከ300ው ውስጥ በሕይወት ተገኝተው የተቀበሉት 24 ነበሩ።