ሮዲዮ፦ በዔሊ ስም የተጀመረው የካውቦዮች ማኅበር እና የሻምፒዮኖቹ መዝገብ

ኮርማ ላይ ወጥቶ 8 ሰከንድ መቆየት። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል አይደል? ሮዲዮ ውስጥ ግን በዚህች 8 ሰከንድ አጥንት ይሰበራል፣ ሕይወትም ያልፋል። ዛሬ ይህ ስፖርት እንዴት ማኅበር እንደኖረው፣ ሻምፒዮኑ በምን እንደሚለይና የማይደፈሩ የሚመስሉት ሪከርዶች የማን እንደሆኑ እናያለን። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

▪ በመጀመሪያ አዘጋጆቹ ተደራጁ

ሮዲዮ ከሜክሲኮና ከአሜሪካ ምዕራብ የከብት እረኞች ሥራ የወጣ ውድድር ነው። ያልተገራ ፈረስ መጋለብ፣ ጥጃ በገመድ መጥለፍ፣ ወይፈን ታግሎ መጣል፣ ኮርማ መጋለብ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ድሮ እያንዳንዱ ከተማ የራሱን "የዓለም ሻምፒዮን" ይሰይም ስለነበር ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም ነበር። በ1929 የውድድር አዘጋጆች የአሜሪካ ሮዲዮ ማኅበርን መሠረቱና በዓመቱ ውጤት አንድ ሻምፒዮን መሰየም ጀመሩ። የመጀመሪያው ሁለገብ ሻምፒዮን ኧርል ቶድ ነው።

ይህ ማኅበር ግን የአዘጋጆቹ እንጂ የተወዳዳሪዎቹ አልነበረም። ካውቦዩ ደመወዝ የለውም። የመመዝገቢያውን ከኪሱ ይከፍላል፣ መንገዱንም በራሱ ይችላል። ካላሸነፈ ባዶ እጁን ይመለሳል።

▪ የቦስተኑ አድማ

በ1936 በቦስተን ጋርደን በተዘጋጀ ውድድር ነገሩ ፈነዳ። ካውቦዮቹ ሽልማቱ ከፍ እንዲልና የከፈሉት መመዝገቢያ በሽልማቱ ላይ እንዲደመር ጠየቁ። አዘጋጁ ኮሎኔል ደብልዩ ቲ ጆንሰን እምቢ አለ። 61 ካውቦዮች ፈርመው ጥለው ወጡ። እሱም ሌሎችን ለመተካት ሞከረ፣ አልሆነለትም። በመጨረሻ ጥያቄያቸውን ተቀበለ።

ከዚያ የተወለደው ማኅበር ስሙ "የካውቦዮች ዔሊ ማኅበር" ተባለ። ለምን ዔሊ? ለመደራጀት ዘገምተኛ ነበሩ፣ በኋላ ግን ልክ እንደ ዔሊ አንገታቸውን ብቅ አድርገው ተጋፈጡ ለማለት ነው። በ1945 ስሙ የሮዲዮ ካውቦዮች ማኅበር ሆነ። በ1975 ደግሞ "ፕሮፌሽናል" የሚለው ተጨመረበት፤ ዛሬም በዚሁ ስም ይታወቃል።

▪ ሴቶቹስ?

በ1948 በቴክሳስ ሳን አንጄሎ 38 ሴቶች ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። በ1981 የሴቶች ፕሮፌሽናል ሮዲዮ ማኅበር ተባለ። ዋና ውድድራቸው በፈረስ ሦስት በርሜሎችን ዞሮ በፍጥነት መመለስ ነው። ይህ ውድድር ወደ ብሔራዊ ፍጻሜው የገባው በ1967 ነው።

ቻርሜይን ጄምስ በ14 ዓመቷ በ1984 ሻምፒዮን ሆነች። ከዚያ እስከ 1993 ለ10 ተከታታይ ዓመታት ማንም አልነጠቃትም። በ2002 አስራ አንደኛውን ጨመረች። በ1985 ፍጻሜ ፈረሷ ስካምፐር ልጓሙ ወልቆበት እየሮጠ ዙሩን አሸንፏል። የሚገርመው፣ ፈረሱ የሮዲዮ የክብር አዳራሽ የገባው በ1996 ሲሆን ጋላቢዋ የገባችው ግን በ2017 ነው!

▪ ሻምፒዮን በምን ይለያል?

በነጥብ ሳይሆን በገንዘብ ነው። በዓመቱ ብዙ ዶላር ያሸነፈ የዓለም ሻምፒዮን ይሆናል። "ሁለገብ" የሚባለው ደግሞ በሁለትና ከዚያ በላይ ዓይነቶች ተወዳድሮ ብዙ ገንዘብ ያገኘው ነው። ብሔራዊ ፍጻሜው በ1959 በዳላስ ተጀመረ፤ ከዚያ ወደ ሎስ አንጀለስ፣ ከ1965 ጀምሮ ወደ ኦክላሆማ ሲቲ፣ ከ1985 ጀምሮ ወደ ላስ ቬጋስ ሄደ። በ2020 ብቻ በኮቪድ ምክንያት ቴክሳስ ውስጥ ተካሂዷል። በየዓይነቱ በገንዘብ የቀደሙት 15 ተወዳዳሪዎች ብቻ ይገባሉ።

መዝገቡን ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። በ1945 እና በ1946 ሁለገብ ሻምፒዮን የለም። ከ1976 እስከ 1978 ደግሞ የዓለም ሻምፒዮን የሚለየው በፍጻሜው በተገኘ ገንዘብ ብቻ ነበር። ስለዚህ የየዘመኑን ሻምፒዮን በአንድ ሚዛን መመዘን ያስቸግራል።

▪ ትልልቆቹ ሪከርዶች

- ትሬቨር ብራዚል፦ 26 የዓለም ዋንጫ፣ ከነዚህ 14ቱ ሁለገብ። ማንም አልደረሰበትም።
- ጋይ አለን፦ 18 ዋንጫ፣ ሁሉም በወይፈን መጥለፍ።
- ጂም ሾልደርስ፦ 16 ዋንጫ፣ 7ቱ በኮርማ ግልቢያ።
- ዶን ጌይ፦ 8 ዋንጫ በኮርማ ግልቢያ። የሾልደርስን 7 ያለፈው እሱ ነው።
- ዌድ ሌስሊ፦ በ1991 ዎልፍማን በተባለ ኮርማ ላይ 100 ከ100 አገኘ። ግማሹ ነጥብ ለጋላቢው፣ ግማሹ ለኮርማው ነው የሚሰጠው።

▪ መዝገቡ ዘግይቶ ያወቃቸው

ወይፈን ታግሎ መጣልን ለሕዝብ ያስተዋወቀው ጥቁሩ ካውቦይ ቢል ፒኬት ነው። የሞተው በ1932 ሲሆን የፕሮፌሽናል ሮዲዮ የክብር አዳራሽ የገባው በ1989 ነው። ሚርቲስ ዳይትማን በ1964 ለብሔራዊ ፍጻሜ የደረሰ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ፤ የዓለም ዋንጫን ግን አላገኘም። ዋንጫውን የወሰደው ቻርሊ ሳምፕሰን ነው፣ በ1982 በኮርማ ግልቢያ። ከሱ በኋላ ፍሬድ ዊትፊልድ 8 ዋንጫ ሰበሰበ።

▪ ኮርማ ጋላቢዎቹ ሲለዩ

በ1989 የ1987ቱ ሻምፒዮን ሌን ፍሮስት ሻይየን ላይ 8 ሰከንዱን ጨርሶ ከወረደ በኋላ ኮርማው ወግቶት ሞተ። 25 ዓመቱ ነበር። ጓደኛው ኮዲ ላምበርት ከዚያ በኋላ ደረትን የሚከላከል ሰደርያ ሠራ፤ ዛሬ ጋላቢዎች የሚለብሱት ከዚያ የመጣ ነው። በ1992 ላምበርትን ጨምሮ 20 ጋላቢዎች እያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር አዋጥተው የኮርማ ጋላቢዎችን የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። የዚህ ድርጅት የመጀመሪያው የሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ግን አሜሪካዊ አይደለም፤ ብራዚላዊው አድሪያኖ ሞራይስ ነው (1994፣ 2001 እና 2006)።

እንግዲህ ከ61 ፊርማ እስከ ሺህ ዶላር መዋጮ ታሪኩ አንድ ነው፤ አደጋውን የሚሸከመው ሰው በገንዘቡም በመዝገቡም ላይ ድምፅ ይኑረኝ አለ። ከነዚህ ሪከርዶች የትኛው የሚሰበር ይመስላችኋል? ሐሳባችሁን ጻፉልን።