ስለ ጠላ ሙያና ስለ ቢራ ፋብሪካዎች ውድድር

ጠላ በጌሾ፣ በብቅልና በአሻሮ ተጠንስሶ በሴቶች እጅ የሚጠመቅ የቆየ መጠጥ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1922 በአዲስ አበባ ከተቋቋመ በኋላ ግን በጌሾ ፈንታ ሆፕ የሚባለው የውጭ አገር ተክል የገባበት ቢራ ከጠላ ጋር ገበያ ይሻማ ጀመር። ቆይቶም ፋብሪካዎቹ እርስ በርሳቸው ተፎካከሩ፤ በ2011 ሄኒከን በደሌንና ሐረርን፣ በ2012 ዲያጆ ሜታ አቦን ከመንግሥት ገዙ። ዲያጆም በ2022 ሜታን ለተፎካካሪው፣ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ባለቤት ለቢጂአይ ለመልቀቅ ተስማማ።

እንግዲህ አንባቢ ይመልከት፤ ፋብሪካ የተሸነፈ እንደ ሆነ ከነስሙና ከነጋኑ ለገዢው ይተላለፋል። የጠላ ሙያ ግን በውል አይሸጥም፤ ከእናት ወደ ልጅ መተላለፉ ከተቋረጠ ወራሽ የለውም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ሳያልፉ በጽሑፍ ሊቀመጥ ይገባዋል።