11 ስፒኖችና አንድ ኩርባ

ፊዚክስ የተማራችሁ ሐንስ ቤተን አትረሱትም። በ1931 እ.ኤ.አ. በአንድ መስመር የተደረደሩ፣ እያንዳንዳቸው ከጎረቤታቸው ጋር ብቻ የሚነካኩ ስፒኖችን ችግር በእርሳስና በወረቀት ፈታ። በሚቀጥለው ጽሑፉ ዘዴውን ከመስመር አልፎ ወደ ሙሉ ክሪስታል እንደሚያሰፋ ቃል ገብቶ ነበር። ያ ጽሑፍ እስከ ዛሬ አልመጣም።

ላብራቶሪ ውስጥ ላለ ሰው ግን የቤተ መፍትሔ ብቻውን አይበቃውም። እሱ የሚፈልገው በዚህ ሙቀት፣ በዚህ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ናሙናዬ ምን ያህል ማግኔት ይሆናል የሚለውን ነው። ለዚህ የኃይል ደረጃዎቹን በሙሉ ማወቅ ያስፈልጋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ 10 ስፒኖች 1,024 ሁኔታዎች አሏቸው፣ 20 ስፒኖች ከሚሊዮን በላይ፣ 40 ከሆኑማ ከትሪሊዮን ያልፋል።

በ1964 በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ጂል ቦነርና ማይክል ፊሸር ከ2 እስከ 11 ስፒን ያላቸውን ሰንሰለቶችና ቀለበቶች በኮምፒውተር አሰሉ። አሥራ አንድ ብቻ! መስኩ እኮ ብዙም አያስቸግርም፤ በትክክለኛው አቅጣጫ ከሆነ አዲስ ደረጃ አይፈጥርም፣ ያሉትን እንደ ማግኔታቸው መጠን ከፍና ዝቅ ያደርጋቸዋል እንጂ። አንዴ ከተሰላ ለየትኛውም መስክ ይሆናል።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ጎረቤታሞች በተቃራኒ አቅጣጫ መቆም በሚወዱበት ቀለበት፣ ቁጥሩ ተጋማሽ ከሆነ ሁሉም ይጣመሩና ሲቀዘቅዝ ለትንሽ መስክ የሚሰጠው ምላሽ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ጎደሎ ከሆነ ደግሞ አንዱ ያለ ጓደኛ ይቀራል፣ ምላሹም ያለ ገደብ ይጨምራል። የረጅሙ ሰንሰለት እውነት በሁለቱ መካከል ነው። እነ ቦነር እዚያ መካከል ኩርባቸውን ሳሉ፤ የመዳብ ውህዶችን የሚለኩ ሰዎችም ለአሥርት ዓመታት ውጤታቸውን ከእሱ ጋር ሲያስተያዩ ኖሩ።

ታዲያ ኩርባው ፍጹም አልነበረም። በ1994 ኤገርት፣ አፍሌክና ታካሃሺ ወደ ፍጹም ዜሮ ሲጠጋ ቁልቁለቱ እጅግ ቀጥ እንደሚል አሳዩ፤ ይህን 11 ስፒን ሊያሳይ አይችልም። ለእኔ ይህ የቦነርን ሥራ አያሳንሰውም።

ስፒኖቹ በሦስት ማዕዘን ሲደረደሩና ሁሉም ጎረቤቱን መቃወም ሲያቅተው፣ የሞንቴ ካርሎ ዘዴ በምልክት ችግር ይሰናከላል፤ ያኔ ሰዉ ዛሬም ወደዚያው ደረጃ ቆጠራ ይመለሳል። ለዚህ ትልቅ ማሽን የለንም ብለን እጃችንን የምናጣጥፍ ካለን፣ የ1964ቱን ስሌት ዛሬ የተማሪ ላፕቶፕ በሰከንዶች ይጨርሰዋል። ለሦስተኛ ዓመት የኳንተም ትምህርት የቤት ሥራ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ እባካችሁ መምህራን፣ ጎደሎውን ቀለበት ግን እንዳትዘሉት።